ድሬ ላይ የባሕር ዓሣና ኮራል ቤት ውስጥ ማኖር ይቻላል? (የ5 ዓመት ልጅ አለኝ)

የከዚራዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ልጄ 5 ዓመቱ ነው። በቅርቡ ከአባቱ ጋር ጅቡቲ ሄዶ አንድ ዘመድ ቤት የባሕር ውሃ አኳሪየም አይቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣን። ያችን ብርቱካናማ ባለ ነጭ መስመር ዓሣ ደብተሩ ላይ ይስላል፣ ግድግዳውም አልቀረለትም። ሰማያዊዋንም ይፈልጋል። “ድንጋዩ ይተነፍሳል እኮ” እያለ ይከራከረኛል። ኮራሉን ማለቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ተነሥቷል። ስልክ ላይ አፍጥጦ ከሚውል ይሻላል።

ቤታችን ከድሮዎቹ የከዚራ ቤቶች ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ። 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ የሚሠራልኝ መስታወት ሠሪ አግኝቻለሁ። የቸገረኝ ሌላው ነው። ጨው ከሱቅ ገዝቼ ብበጠብጥ ምን አለበት? የአፍዴራ ጨው እንደሆነ ሞልቷል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ በባቡር ይመላለሳል፤ “ኮራሉን ከነድንጋዩ በጀሪካን አመጣልሻለሁ” ይለኛል። ሙቀቱስ? ግንቦት ላይ እኛ ራሳችን በረንዳ ላይ ነው የምናድረው። የመብራቱን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። “ተይው” ከሆነም በግልጽ በሉኝ፣ አልቀየምም።


ከጀጎል፦

እኛ ጋ ነፋሻ ነው፣ ዓሣውን ወደ ዳገት ላኪው! ሃሃ። ወደ ቁም ነገሩ ስመጣ፣ ለ5 ዓመት ልጅ ብለሽ ከሆነ ጉፒ የምትባለዋን ትንሽ፣ ጨው የማትፈልግ ዓሣ ግዢለት። የእናንተ የድሬ ውሃ ካልሲየሙ የበዛ ነው፤ ጉፒና ሞሊ ደግሞ እንዲያ ያለ ውሃ ነው የሚስማማቸው። ሳታስቢው ይራባሉ። ኮራል ምን ያደርግልሻል?


ፍሪጅና ኤሲ፦

አቦ አንተ ልጅ፣ ባሕር ለጠየቀ ሕፃን ጉፒ ትሰጠዋለህ?

እህቴ፣ ሥራዬ ማቀዝቀዣ ነው። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ጅቡቲ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ የሆቴልና የሰው ቤት አኳሪየም ማቀዝቀዣ እጠግን ነበር። ዓሣውን ያወቅኩት በማሽኑ በኩል ነው ማለት ነው። ሌላው ሰው ከጨው ይጀምርልሻል። እኔ ከሙቀት ልጀምር። ጨው በገንዘብ ይገዛል፤ ድሬ ላይ ኮራል የሚጨርሰው ሙቀቱ ነው።

ኮራል የሚመቸው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ውሃው 30ን አልፎ ከሰነበተ ሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን አልጌዎች ያባርራቸዋል። ቀለሙን ያገኘው ከእነሱ ነው፣ አብዛኛው ምግቡም ከእነሱ ነው። እነሱ ከሄዱ ይነጣል፣ ከዚያ በረሃብ ይሞታል። ሰፊው ባሕር ውስጥ እንኳ ሙቀት ሲበረታ እንዲህ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 በየውቅያኖሱ ነጥቷል። 100 ሊትር ገንዳ ምን ጉልበት አለው?

ደግነቱ የድሬ አየር ደረቅ ነው። ትንሽ ቬንትሌተር በውሃው ፊት ላይ እንዲነፍስ አድርጊ። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በስሌት ከ100 ሊትር ላይ 1 ሊትር ቢተን የቀረውን ከ5 ዲግሪ በላይ ያወርደዋል። ክፍሉ መልሶ ስለሚያሞቀው በተግባር የምታገኚው 2 ወይ 3 ዲግሪ ነው። እሱም ቀላል አይደለም። ከላይ በመስታወት አትክደኚው፣ መረብ ይበቃዋል። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ሲረጥብ ግን ቬንትሌተሩ ይደክማል።

ግንቦትና ሰኔን በቬንትሌተር ብቻ እወጣዋለሁ ካልሽ አልስማማም። ያኔ ቺለር፣ ማለትም የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ቺለር ሙቀቱን ከውሃው አውጥቶ የሚተፋው ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። አኳሪየሙ ሥር ቁም ሣጥን ውስጥ ከቆለፍሽው የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ሲንጫጫ ይውላል። ግድግዳውን ብሺና ቱቦውን አሳልፊ፤ ማሽኑ በረንዳ ላይ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። የከዚራ ግድግዳ ሲበሱት እንደሚያስለቅስ አውቃለሁ። አንዴ ነው።

ለቺለር የሚሆን ገንዘብ ከሌለሽ ኮራሉን እርሺውና ዓሣ ብቻ ያዢ። ያች ብርቱካናማ ዓሣ ከኮራል ይልቅ ሙቀት ትችላለች። ሰማያዊዋ ግን ለ100 ሊትር አትሆንም፤ ስታድግ 25 ሴንቲሜትር ትደርሳለች፣ ዋናተኛ ናት። ለልጁ ከአሁኑ ንገሪው።

ወደ ጨው። የገበታ ጨው አይሆንም። ባሕር ውስጥ ካለው ጨው 85 በመቶ ያህሉ እኛ የምንበላው ዓይነት ነው። የቀረው ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከዚያ ነው። በሊትር 400 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም፣ 1300 ገደማ ማግኒዚየም ይፈልጋል። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ ጨው አለ፤ ዱባይ የሚመላለስ ሰው ካለሽ አስመጪ። በሊትር 35 ግራም ነው፣ ለ100 ሊትር 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ይገባል። ጨውነቱን በሪፍራክቶሜትር ለኪ። በምላስ የሚለኩ አይቻለሁ!

ደግሞ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። ስለዚህ በየቀኑ የጎደለውን የምትሞዪው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። የጨው ውሃ ከጨመርሽበት በሳምንት ውስጥ ጨውነቱ ከልክ ያልፋል፣ ዓሣውም ኮራሉም ይጎዳል።

ንጹሕ ስል የቧንቧውን አይደለም። የድሬን ውሃ በማንቆርቆሪያሽ ታውቂዋለሽ፤ ሥሩ ላይ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። እኔ የውሃ ማሞቂያ ስፈታ በመዶሻ ነው የምሰብረው። “ካልሲየም ካለው ለኮራል ይጠቅማል” የሚል ይመጣብሻል። አትስሚው፤ ከርሰ ምድር ውሃችን ናይትሬትም አለበት፣ ያ ደግሞ የሚያበቅለው አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። አር ኦ የሚባለውን ማጣሪያ ግዢ። ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ሦስት አራት ሊትር ይጥላል። እሱን ለቤት ማጠቢያ አድርጊው፣ ድሬ ላይ ውሃ አይደፋም።

አሁን የባልሽ ወንድም። ተይ በይው። ድንጋያማው ኮራል ሳይቴስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ውስጥ አለ። ኢትዮጵያም ጅቡቲም አባል ናቸው። ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው። በጀሪካን ባቡር ላይ ሲንገላታ ውሎ በሕይወት ይደርሳል ብዬም አላስብም።

አንድ የመጨረሻ፣ ይሄን በደንብ አንብቢው። ከየትም ይምጣ፣ የባሕር ድንጋይ “ቀቅዬ ላጽዳው” እንዳትዪ። ዞአንቲድ የሚባሉ፣ ትንንሽ አበባ የሚመስሉ ኮራሎች አሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ከባድ መርዝ አላቸው። ድንጋዩን ሲቀቅሉ እንፋሎቱን ተንፍሰው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። ልጅ ያለበት ቤት ያን ዓይነቱን ጭራሽ አታስገቢ።


የከዚራዋ እናት፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቅቀላውን በተለይ፣ እኔ ሁሉን ነገር ቀቅዬ ነው የማምነው።

ወንድምየውን ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። ቺለሩን ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ለከርሞ ብለናል። እስከዚያ በዓሣ ብንጀምርስ? መብራት ሲጠፋ ምን አደርጋለሁ? ሌላው ደግሞ፣ ልጁ እንዲያው ከማየት ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል? ለእሱ ብዬ ገብቼበት እኔ ብቻ ስቀዳና ስደፋ እንዳልኖር።


ሳቢያን ነኝ፦

የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ዓሣ አላውቅም፣ ስለ በርሜል ግን አውቃለሁ። ያን የተጣራ ውሃ የምታጠራቅሚበትን ዕቃ አደራ ክደኚው። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ ድሬን እንዴት እንዳስተኛት የማያስታውስ የለም። የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈለፈለው ወንዝ ዳር ሳይሆን ቤት ውስጥ በተቀመጠ ንጹሕ ውሃ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝም ልማዷ ያው ነው። ጀሪካን ከሆነ ክዳኑን አጥብቂ፣ በርሜል ከሆነ በጥብቅ ወንፊት ጨርቅ እሠሪው። ዓሣ ያለበት ገንዳ ብዙም አያሳስብም፣ እጩን ዓሣው ይለቅመዋል።


ከጀጎል፦

ይኸው! ጉፒ የትንኝ እጭ ትበላለች። እኔ ዝም ብዬ አልተናገርኩም።


ፍሪጅና ኤሲ፦

እሺ ጉፒህ ትኑርልህ። በርሜሉን በተመለከተ ሐኪሙ ልክ ነው።

እህቴ፣ በዓሣ መጀመርሽ ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምታስቢው አየሩን ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ይተኛል፣ ኦክስጅን ያልቃል። ሞቃት ውሃ ደግሞ ከመነሻውም የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዝተሽ አስቀምጪ። ኢንቨርተር ካላችሁ በመጀመሪያ ፓምፑን፣ ቀጥሎ ቬንትሌተሩን ስጪው። የአኳሪየሙ መብራት መጨረሻ ነው፤ አንድ ቀን ጨለማ ዓሣም ኮራልም አይገድልም።

ሽቦው ላይ ግን ቀልድ የለም። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ይወዳል። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ከዚያ ወደ ላይ ይመለስ፤ በገመዱ ላይ የወረደ ጠብታ እታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት አይገባም። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከር አስገቢ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያውቀዋል። እጅሽን ከመክተትሽ በፊት ሁሉንም ንቀይ። ልጁ ሲነቀል እያየ ይልመድ።

ለልጁ ሥራ ሞልቷል። ገንዳውን ሞልተሽ ወዲያው ዓሣ አታስገቢም። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ መራባት አለባቸው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ለ5 ዓመት ልጅ ይሄ ዘላለም ነው። ስለዚህ በዚያ መሃል አርቴሚያ ፈልፍሉ።

አርቴሚያ ማለት በጨው ውሃ የምትኖር ሽሪምፕ መሰል ትንሽ ፍጥረት ናት፤ እንደ አቧራ ደቃቅ የሆነው እንቁላሏ በቆርቆሮ ይሸጣል። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቁረጪ። 1 ሊትር ውሃ፣ 25 ግራም ያህል ጨው። እዚህ ላይ ያ የፈረደበት የአፍዴራ ጨውሽ ያገለግላል። የአየር ፓምፑን ቱቦ ክተቺበትና ይፍለቅለቅ። ከእንቁላሉ ሩብ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። የሚፈልገው ሙቀት ከ26 እስከ 28 ነው፣ በዚህ በኩል ድሬ አያሳፍርሽም። በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ36፣ ይፈለፈላል። ከዚያ አየሩን አጥፊና ክፍሉን አጨልሚ። የስልክሽን መብራት በአንድ ጎን ጠጋ አድርጊ። ብርቱካናማ ነጠብጣቦች እየተንዘፈዘፉ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ። ልጁ መብራቱን ያዞረዋል፣ እነሱም ይዞራሉ። ጅቡቲ አንድ ደንበኛ ቤት ሕፃናቱ ይሄን ሲያደርጉ ማሽኔን ትቼ ቆሜ አይቻለሁ። በኋላ ለዓሣው ምርጥ ቀለብ ይሆናል።

ሌላው ሥራው ቴርሞሜትር ማንበብ ነው። ቁጥር ይማርበታል። መስታወቱ ላይ የውሃው ልክ ጋ ፕላስተር ለጥፊለት፤ ውሃው ከፕላስተሩ ሲወርድ በኩባያ ይሙላ። የአሞኒያ መመርመሪያውን ጠብታ አንቺ ጨምሪ፣ ቀለሙን እሱ ያንብብ፤ ቢጫ ከሆነ ደኅና ነው፣ ወደ አረንጓዴ ከሄደ አሞኒያ አለ። ጠርሙሶቹን ግን ቆልፊባቸው። ምግብ መስጠቱን ሙሉ በሙሉ አትተይለት። ልጅ እጁ ለጋስ ነው፣ የተረፈው ምግብ ይበሰብሳል።

ያችን ብርቱካናማ ዓሣ ስትገዢ ጥንድ ግዢ፣ ትንንሾች። ሁሉም ሲወለዱ ወንድ ናቸው። አብረው ሲያድጉ የበላይ የሆነችው ትተልቅና ሴት ትሆናለች። እንዴት ለልጁ እንደምታስረጂው እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።


የከዚራዋ እናት፦

ሃሃ፣ እሱን ለአባቱ ትቼዋለሁ። ጋሼ፣ የብረት ማስቀመጫውን ለበያጁ ነገ ላዝዝ ነው። ከፍታው ስንት ይሁን? ልጄ ቁመቱ 1 ሜትር ከ8 ነው።


ፍሪጅና ኤሲ፦

70 ሴንቲሜትር አስደርጊው። ገንዳው 40 ከሆነ አፉ 1 ሜትር ከ10 ላይ ይሆናል። ዓይኑ ከአሸዋው በላይ ያርፋል፣ ያለ ወንበር ግን ጎንበስ ብሎ ገንዳው ውስጥ መግባት አይችልም። ውሃው ብቻ 100 ኪሎ ነው፤ ድንጋዩና መስታወቱ ሲጨመር 150 ይጠጋል። ብረቱ ወፍራም ይሁን፣ አራቱም እግር እኩል መቆሙን በውሃ ልክ አረጋግጪ። ከኋላ በሁለት ብሎን ከግድግዳው ጋር እሠሪው፣ ሊንጠለጠልበት ይችላል። ቀለም ሁለት እጅ ይቀባ፣ ጨው ብረት ይበላል። ለቺለሩ ቱቦ የሚሆን ቀዳዳ አሁን ከበያጁ ጋር አብረሽ አስለኪ፤ ለከርሞ ከመጣሁ ግድግዳውን እኔ እበሳዋለሁ።