የተከራየሁት ኮንዶሚኒየም ሻወር ቤቱም ወለሉም አስጨንቆኛል፣ ከየቱ ልጀምር?

የጀሞዋ፦ ሰላም ወገኖች፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ስቱዲዮ ከገባሁ 4 ወር ሆነኝ፣ ወለሉ ሊሾ ነው እሱም ተሰነጣጥቆ በጠረግኩት ቁጥር አቧራ ይተፋል፣ ሻወር ቤቱ ሴራሚክ አለው ግን መገጣጠሚያው ጠቁሯል፣ ጠዋት ጠዋት ደሞ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ከስር ያሉት እማማ መጥተው «ልጄ የጣሪያዬ ቀለም እየተላጠ ነው» አሉኝ። አከራዬ ውጪ ናት፣ በቴሌግራም «እንደፈለግሽ አርጊው» ትለኛለች ስለ ብር ግን ዝም። ወለሉን ሴራሚክ ላስነጥፍ ወይስ ፒቪሲ?

ቧንቧ ሠሪው፦ እህቴ ወለሉን ለጊዜው ተይው፣ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚወርድ እወቂ። ውሃ ባለበት ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና ቆጣሪውን ፎቶ አንሺው፣ ጠዋት ማንም ሳይከፍት እይው። ከዞረ መስመሩ ነው የሚያፈሰው። ካልዞረ ለእማማ ነግረሽ የወለሉን መውረጃ በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ድፈኝና 2 ሳንቲም ያህል ውሃ አቁሚበት፣ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ታች ከረጠበ ችግሩ ከሴራሚኩ ስር ነው። እሱ ተነስቶ ውሃ መከላከያ ተቀብቶ እንደገና ይነጠፋል እንጂ ላዩን ነጭ ሲሚንቶ ብትለቀልቂው ብር መጣል ነው።
ሽታው ቀላል ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሲፎኑ (ከመውረጃው ስር ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የታጠፈ ቧንቧ) ይደርቃል። በጄሪካን ካለው ላይ አንድ ሁለት ኩባያ ጨምሪበት፣ ክፍለ ሀገር ምናምን ከሄድሽ ደሞ ከላዩ ትንሽ ዘይት ጠብ አርጊበት ቶሎ አይደርቅም።

ሁለት ልጆች እናት፦ ለጥቁረቱ በረኪና በውሃ አቅጥነሽ በብሩሽ እሺው፣ መስኮት ከፍተሽ። በአንድ ቀን ግን አሲድ እንዳትደርቢበት እህቴ! እኔ ሽንት ቤት ላይ ደርቤ በሚወጣው ጋዝ ታፍኜ ነው ጎረቤት ያወጣኝ።

ወለል አንጣፊ፦ ፒቪሲ አቧራ በሚተፋ ሊሾ ላይ ማስቲሽ ቀብተሽ ብትለጥፊው በጥቂት ወር ጠርዙ ይነሳል። መጀመሪያ አንድ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቂውና አንድ ቀን አሳድሪው፣ ከስሩ ካላበው እርጥበት አለ ማለት ነው፣ አትለጥፊ። ሴራሚክ ካልሽ ደሞ ወለሉ ከፍ ስለሚል በሩ ከስር ይቆረጣል፣ ስትወጪም ለሷ ትተሽላት ነው። እኔ ብሆን ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኜ የሚጠቀለለውን የፕላስቲክ ምንጣፍ ሳልለጥፍ አነጥፋለሁ፣ ስለቅ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። 3 በ4 ከሆነ 12 ካሬ ነው፣ ለቁርጥራጭ 10 ፐርሰንት ጨምሪ።

አከራይ ነኝ፦ የሻወሩ ወለል የአከራይ ወጪ ነው፣ ምንጣፉ ያንቺ። «እንደፈለግሽ» የሚለው ግን ነገ «ማን አፍርሺ አለሽ» ይሆናል፣ እኔው ራሴ ብያለሁ ሃሃ። «ይሄን ያህል ብር ወጥቶ ከኪራይ ይታሰባል» ብላ ትጻፍልሽ። ውላችሁስ ወረዳ ተመዝግቧል? በአዋጅ 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ትንሹ 2 ዓመት ነው። ሳትፈራረሙ አንድ ሴራሚክ እንዳታስነሺ።

የጀሞዋ፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ቆጣሪው አልዞረም፣ ውሃውን ትናንት አቆምኩት፣ ዛሬ ጠዋት እማማ ጣሪያቸው እየነጠበ ጠሩኝ። ቪዲዮ ቀርጬ ለአከራዬ ላክሁላት፣ አይታዋለች፣ መልስ የለም።

ቧንቧ ሠሪው፦ ጨርቁን ነቅለሽዋል አይደል?