ሕያው ሽልን ሳይጎዱ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል?

የኮምቦልቻው መምህር፦
ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ዶሮ የታቀፈችውን እንቁላል በስልክ መብራት አየን። ቀያይ የደም ሥሮች ታዩ። አንዷ «ልቡ ሲሠራ ማየት አይቻልም?» አለችኝ። የእኛ ማይክሮስኮፕ ስስ ነገር ብቻ ነው የሚያሳየው። ሌላው ዓለም እንዴት ያደርገዋል?

የሐይቅ ልጅ፦
አብሽር መምህር፣ ይቻላል። ጣጣው ማጉላቱ ላይ ሳይሆን ብርሃኑ ላይ ነው። ኮንፎካል የሚባለው የሌዘር ማይክሮስኮፕ አንዷን ንብርብር ለማየት ሽሉን ከላይ እስከ ታች በሌዘር ያበራዋል። ይህ ሲደጋገም ሽሉን ይጎዳል። በ2004 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሃይደልበርግ ያሉ ተመራማሪዎች ብርሃኑን እንደ ወረቀት አቅጥነው ከጎን አስገቡት። ካሜራው ከብርሃኑ በ90 ዲግሪ ማዕዘን ቆሞ ያያል። የሚበራው የሚታየው ንብርብር ብቻ ነው። ስለዚህ ሽሉን ለብዙ ሰዓት መከታተል ይቻላል። ተመራማሪዎች ዜብራፊሽ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ የሚወዱትም ለዚህ ሥራ ስለምትመች ነው፦ እንቁላሏ ብርሃን ያሳልፋል፣ ልቧም በአንድ ቀን ገደማ መምታት ይጀምራል። የሐይቃችን ቆሮሶ ዓሣ ግን አይመችም፤ እንቁላሉን በአፉ ነው የሚያቅፈው!

ደሴ ላብ፦
ሕዋሶቹ ተለይተው እንዲታዩ ከጄሊፊሽ የተገኘ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ይጠቀማሉ። ግኝቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል።

የኮምቦልቻው መምህር፦
እሺ፣ ያለ ሌዘርስ?

ደሴ ላብ፦
ቅርፊቱን በጥንቃቄ በመስኮት መልክ ቆርጠህ በፕላስተር ሸፍነው። በሦስተኛው ቀን ልቡ ሲመታ በዓይን ይታያል። እጃችሁን ግን ታጠቡ።