ዘካችን ለሐይቅ ወይስ ለሎንደን ጎረቤት?

የሐይቅ ልጅ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። 10,000 ፓውንድ ቆጥቤ ዓመት ዞረው። ዘካው፣ ማለትም በዲናችን ለችግረኛ መስጠት ግዴታ የሆነው ገንዘብ፣ 250 ነው። ሁልጊዜ በረመዳን ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ላለችው እናቴ እልካለሁ፤ እሷ ለሰፈሩ ችግረኞች ታከፋፍላለች። ዘንድሮ ግን እዚሁ ሎንደን መስጊዳችን የምትመጣ አንዲት የአገራችን ልጅ አለች። ባሏ በሱ ቪዛ አምጥቷት ጥሏት ሄደ። ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። የሦስት ወር ኪራይ አለባት። ለሷ ልስጥ ወይስ እንደ ልማዴ ልላክ?

አቡ ነጃት፦ ወንድሜ፣ ይሄ ምን ያከራክራል? እንግሊዝ መንግሥት አለ። ልጅ ላላት እናት ቤት ይሰጣል፣ የልጅ አበል ይሰጣል። ሐይቅ ያለችው አሮጊት ማን አላት? 250 ፓውንድ እዚህ የሳምንት ኪራይ አይሞላም። እዚያ ስንት ቤት ያስፈጥራል!

ኡሙ ሐያት፦ ይሄ "መንግሥት ይሰጣታል" የሚሉት ወሬ ያንገበግበኛል። እኔ ራሴ አልፌበታለሁ። በባል ቪዛ የመጣች ሴት ፈቃድ ሲሰጣት ከመንግሥት ድጎማ ተከልክላ ነው። መነሻው በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሚግሬሽንና የጥገኝነት ሕግ ነው። የልጅ አበል የለም። የካውንስል (የአካባቢ መስተዳድር) ቤት የለም። ክልከላው እንዲነሳላት ማመልከት ትችላለች። ግን የባንክ ወረቀት አምጪ፣ የኪራይ ውል አምጪ እየተባለች መልስ እስኪመጣ ልጆቹ ምን ይብሉ? ካውንስሉም በ1989ኙ የሕፃናት ሕግ ልጆቹን ሊረዳ ይችላል። እኔ የሄድኩ ቀን ግን መጀመሪያ የተጠየቅኩት "ለምን አገርሽ አትመለሺም?" ተብዬ ነው።

ደረሳው፦ የዲኑንም እንይ። ሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ይዘረዝራል። ድሃ አለ፣ ሚስኪን አለ፣ ዕዳ ያለበት አለ። እህታችን ድሃም ናት፣ ባለዕዳም ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረባቸውን ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩት ዘካ ከሀብታሞቻቸው ተወስዶ ለድሆቻቸው እንደሚመለስ ነግረውታል። የፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) መዝሀቦች ግን ይለያያሉ። ከዚህ ተነስተው ሻፊዒዮች፣ በአካባቢው የሚገባው ሰው እያለ ዘካን ወደ ሌላ አገር መላክ አይፈቅዱም። ሐነፊዮች ይጠሉታል፤ ለተቸገረ ዘመድ ወይም ይበልጥ ለተቸገረ ሰው ሲሆን ግን ይፈቅዳሉ። በነገራችን ላይ የሐይቅ ልጅ፣ እናትህ ራሳቸው ከዘካህ እንዳይነኩ። እሳቸውን መጦር ያንተ ግዴታ ነው።

አቡ ነጃት፦ በቃ፣ "ይበልጥ ለተቸገረ" አልክ አይደል? ወሎ ጦርነት ያለፈበት አገር ነው። ደግሞ የልጆቹ አባት በሕይወት አለ። ቀለብ የሱ ነው። የሱን ግዴታ የኛ ዘካ ለምን ይሸፍንለታል? አይፎን ይዛም አይቻታለሁ።

ኡሙ ሐያት፦ ቀለቡ የሱ ነው፣ ልክ ነህ። ካልከፈለስ? እሱን ለመቅጣት ልጆቹን እናስርብ? ስልኩን ደግሞ ተወው። የመኖሪያ ካርዱ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ቀርቶ በኢንተርኔት ሆኗል። አሠሪም አከራይም "ፈቃድሽን አሳዪ" ሲላት የምታሳየው በዚያው ስልክ ነው።

ታታሪዋ፦ እኔን የሚያሳስበኝ አሰጣጡ ነው። አንዷን እህት ጁምዓ ላይ በማይክ "ባል የሌላት ሚስኪን እህታችን" ብለው አዋጡላት። ብሩ ደረሳት። እሷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ መስጊድ እግሯ አልረገጠም። እባካችሁ በዝምታ ይሁን። ናሽናል ዘካት ፋውንዴሽንም ከ2011 ጀምሮ የእንግሊዝን ዘካ እዚያው ላሉ ችግረኞች ያከፋፍላል። ከፈለገች ማመልከቻውን አብሬያት ቁጭ ብዬ እሞላለሁ። ባሏ ይመታት ከነበረም ለሦስት ወር ድጎማ የሚያስገኝ ፈቃድ መጠየቅ ትችል ይሆናል፤ ግን አስቀድማ የሕግ ሰው ታማክር።

የሐይቅ ልጅ፦ ለአከራዩ በቀጥታ ብከፍልስ? ገንዘቡን ከእጄ ስትቀበል እንዳታፍር ብዬ ነው።

ደረሳው፦ ሐነፊ ዘንድ ገንዘቡ የሷ መሆን አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቃት። "ክፈልልኝ" ካለችህ ወኪሏ ሆነህ ትከፍላለህ። ምናልባት ከኪራዩ በፊት ለልጆቹ ጫማ ትፈልግ ይሆናል። ውሳኔው የሷ ነው።

አቡ ነጃት፦ እኔ የኔን ወደ ወሎ ነው የምልከው። አልተዋጠልኝም።

የሐይቅ ልጅ፦ ዘካውን ለሷ እሰጣለሁ። ለሰፈሩ ደግሞ የቻልኩትን ሰደቃ (በፈቃዴ የምሰጠውን ምጽዋት) እልካለሁ፤ 250 ግን አይሞላም። ትናንት ማታ እናቴ ደውላ "ጎረቤቶቹ እየጠየቁኝ ነው፣ የዘንድሮው መቼ ይደርሳል?" አለችኝ። ኔትወርክ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁ።