እማዬ አንጎሏ ውስጥ ኮይል ከገባላት በኋላ ኤምአርአይ ላይ ነጫጭ ነጥብ ታየ፣ ስትሮክ ነው?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ከጅማ ነው ምጽፈው። እማዬ 58 ዓመቷ ነው፣ ለራስ ምታት ስትመረመር ያልፈነዳ አኑሪዝም (አንጎል ውስጥ ያለ የደም ስር እብጠት) ተገኘባትና ውጭ ሀገር ወስደናት በብሽሽቷ በኩል በቀጭን ቱቦ ገብተው በኮይል (በተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ) ዘጉላት። በማግስቱ ኤምአርአይ ተነሳች፣ ወረቀቱ ላይ "በርካታ ጥቃቅን አዲስ ደም ያጣ ቦታ" ይላል፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሰው ግን የለም። ሲዲውን እዚህ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳየው ነጭ ጤፍ የተበተነ ነው ሚመስለው። እሷ ትሄዳለች ታወራለች፣ ትናንት ግን ቡና እየቆላች ምጣዱን ረስታው ከሰል አደረገችው፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤት ደሞ ደም ማቅጠኛው ነው አስቁማት ይለኛል።

ራጅ ቤት፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ራዲዮሎጂ ነው ምሰራው። ያየኸው ጤፍ ዲፊውዥን በሚባለው የኤምአርአይ አነሳስ ላይ ነው ቦግ ብሎ ሚታየው፣ ሲቲ ስካን አብዛኛውን አያሳይም። ቱቦው ደም ስር ውስጥ ሲሄድ ጫፉ ላይ ወይ ኮይሉ ላይ ትንሽ ደም ይረጋል፣ አንዳንዴም የአየር አረፋ ይገባል፣ እሱ ሄዶ ቀጭን ስር ይደፍናል። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ ሚያደርግ መድኃኒት) እየሰጡ ሚሰሩትም ለዛ ነው። ስትሮክ ነው ወይ ካልከኝ በጣም ትንሹ ዓይነት ነው፣ ግን ብዙ ሰው ላይ ይታያል አብዛኛውም ምንም ሳይሰማው ያልፋል፣ ድምቀቱም በሁለት ሳምንት አካባቢ ይደበዝዛል። በ2012 (በፈረንጅ) የወጣ የካናዳና የአሜሪካ ጥናት 185 ሰው ላይ እነዚህን ነጥቦች ሚቀንስ መድኃኒት ሞክሮ ቁጥራቸውን ቀነሰ፣ ጠቅላላ ስፋታቸውን ግን አልቀነሰም።

ሰሚራ፦
የኔ ወንድም ላይ ሌላ ነው የሆነው፣ ከኮይሉ ሦስት ወር በኋላ ራሱን እያመመው ግራ እጁ ዕቃ መጣል ጀመረ። ምስሉን ሚያጎላ መድኃኒት ተወግቶ የተነሳው ኤምአርአይ ላይ ኮይል የገባበት ጎን ብቻ ዙሪያው ያበጠ ነጥብ ታየ። የቱቦው ሽፋን ተልጦ አንጎል ውስጥ ቀርቶ ሰውነቱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል አሉን፣ እንዲህ ያለው ብዙም አያጋጥምም አሉ፣ ስቴሮይድ (ቁጣውን ሚያበርድ መድኃኒት) ሰጥተውት ተሻለው። ስለዚህ ወር ቆይቶ አዲስ ነገር ከመጣ ያው የድሮው ነው ብላችሁ እንዳትተዉት።

ነርሷ፦
ጎረቤትህን ተዋቸው!! ወረቀቱ ላይ ስቴንት (ደም ስር ውስጥ ሚቀመጥ የሽቦ መረብ) ሚል ካለ ደም ማቅጠኛዎቹን፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬሉን፣ በድንገት ማቆም ስቴንቱ ላይ ደም ያረጋል፣ ያኔ ነው ትልቁ ስትሮክ ሚመጣው። ሚቀነሰው ሐኪም ሲል ብቻ ነው። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበ ነገ እናያለን የለም፣ ወዲያው በባጃጅም ቢሆን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ሲዲውንም እንዳትጥለው፣ ቀጣዩ ኤምአርአይ ከሱ ጋር ነው ሚተያየው።

የቆጪ ልጅ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ስቴንት ይላል፣ መድኃኒቱን አላስቆምም። ቡናውን ግን ለምን ረሳሽው ብዬ ብጠይቃት "አንተ አይደለህ እንዴ ኮምፒውተር ላይ ጭንቅላቴን ልታሳየኝ የጠራኸኝ" አለችኝ 😂