ብሉግራስ ለመስማት ከየት ልጀምር?

ሰዓት ሠሪው

ለሙዚቃ አዋቂዎች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ቸርችል ጎዳና አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት እጠግናለሁ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ዓይኔ መነጽሩ ላይ፣ እጄ ወረንጦው ላይ ሲውል ጆሮዬ ሥራ ፈት ስለሆነ ሙዚቃ ከሱቄ አይጠፋም። አባቴ የተዉልኝ የጂም ሪቭስና የዶን ዊሊያምስ ካሴቶች እስካሁን ይሠራሉ።

በቅርቡ የእኅቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ በስልኩ አንድ ነገር አሰማኝ። «ብሉግራስ ይባላል፤ የካንትሪ ዘመድ ነው» አለ። ባንጆው ሲንደቀደቅ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ መሰለኝ። ወደድኩት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን የሴት የእጅ ሰዓት ብሎን ከወረንጦዬ አምልጣ ወለሉ ላይ ቀረች፤ እስከ ማታ በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈልጌ አላገኘኋትም። ልጁ ተመልሶ ሄዷል። ከድሮው እስከ ዛሬው የትኞቹን ልስማ? እንግሊዝኛዬ እንደ ጂም ሪቭስ ረጋ ብሎ ለሚዘፍን ይበቃል፤ ለሚሮጥ ግን አይደርስም።

የቫዮሊን አስተማሪ

ጋሼ፣ የእኅትዎ ልጅ እንግዳውን በጓሮ በር ነው ያስገባብዎ። ፍጥነቱ የብሉግራስ ጌጡ ነው፤ ሆዱ ግን ትካዜ ነው፤ የእኛም ጆሮ በቀላሉ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ቫዮሊን አስተምራለሁ። ከቆዩት ዜማዎች ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ ትዝታ ሜጀር በምንለው ቅኝት ውስጥ ያሉት ያው አምስቱ። አንዱን ዜማ ቀስ ብዬ ስጫወተው ተማሪዎቼ «ይህ የማን ትዝታ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል።

ስለዚህ ከስታንሊ ወንድማማቾች ይጀምሩ፤ ካርተርና ራልፍ ይባላሉ፣ የቨርጂኒያ ተራራ ልጆች ናቸው። ካርተር ቀድሞ ሞተ፤ ራልፍ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ፊልም ውስጥ ራልፍ አንድም መሣሪያ ሳይከተለው ሞትን «ለአንድ ዓመት እለፈኝ» እያለ የሚማጸን መዝሙር ዘፈነ፤ በ2002 ግራሚ ሲያሸልመው ሰባዎቹ ውስጥ ነበር። እኔ ያን ድምፅ የምሰማው በሁዳዴ ነው፤ ከበገና ጎን ሳስቀምጠው አያፍርም።

ከዚያ ወደ ምንጩ ይውረዱ። ቢል ሞንሮ የኬንታኪ ሰው፣ ማንዶሊን ተጫዋች ነው። ግዛቱ «ብሉግራስ» በሚል ቅጽል ይጠራል፤ እርሱ ባንዱን በዚያ ሰየመ፣ የባንዱ ስም ደግሞ የሙዚቃው ስም ሆኖ ቀረ። በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ የሚባል ወጣት ባንጆውን በሦስት ጣት እየመታ ባንዱን ተቀላቀለ፤ በ1946 እና በ1947 አብረው የቀረጿቸውን ዘፈኖች ያልቀዳ የብሉግራስ ሰው የለም። ሲሰሙ ከበሮ ይፈልጉ፤ አያገኙትም። ማንዶሊኑ በምቱ መካከል እየገባ «ቸክ፣ ቸክ» ሲል ጭብጨባውን ይተካል። ማንዶሊን ሲባል የአየለ ማሞ ዜማ በጆሮው የሚያቃጭልበት የአዲስ አበባ ሰው በዚህ ይገረማል፤ ያው መሣሪያ እኮ ነው! ስክራግስና ጊታር ተጫዋቹ ሌስተር ፍላት በ1948 ከባንዱ ወጥተው የራሳቸውን አቋቋሙ፤ ሞንሮ አኮረፈ፤ ከፍላት ጋር የታረቁት በ1971 ነው። የሁለቱንም ወገን ይስሙ፤ ማን እንደበደለ እኔ አልፈርድም።

ለወረንጦ የሚስማማው ግን ቶኒ ራይስ ነው። በ1983 ያወጣው «ቸርች ስትሪት ብሉዝ» ጊታርና ድምፅ ብቻ ነው። ብሎን አያስጥልም።

ከካዛንቺስ

ከአስተማሪው ጋር አልስማማም። የ1940ዎቹ ቅጂ ለጀማሪ ጆሮ ሻካራ ነው። ጋሼ፣ ከአሊሰን ክራውስ ይጀምሩ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ታስቀምጣለች፣ ለእንግሊዝኛዎም ትመቻለች። ሃያ ሰባት ግራሚ ያላት ቫዮሊን ተጫዋች ናት። የዛሬዎቹን ከፈለጉ ሞሊ ተትልን ይስሙ፤ የብሉግራስ ማኅበሩን የዓመቱ ጊታር ተጫዋች ሽልማት በ2017 ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። ቢሊ ስትሪንግስን ግን ሱቅ ከዘጉ በኋላ ያድርጉት። እርሱ ብሎን ብቻ ሳይሆን መነጽርም ያስጥላል።

ክራር መቺ

አንድ ነገር ልጨምር። ባንጆ የነጮች መሣሪያ ይመስላል እንጂ ሥሩ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው ይዘውት የተሻገሩት። ቆዳ የተወጠረበት ሆዱን ላየ ሰው ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ዝምድናው አይሰወርም። ቤላ ፍሌክ የሚባል ባንጆ ተጫዋች ይህን ሥር ፍለጋ በ2005 ኡጋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ጋምቢያንና ማሊን ዞሯል፤ ከየአገሩ ሰዎች ጋር የተጫወተውን ፈልገው ይስሙ። እኛ ዘንድ ሳይመጣ መቅረቱ ግን እስካሁን ያበሽቀኛል።

ሰዓት ሠሪው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በምክራችሁ መሠረት ማክሰኞ ቶኒ ራይስን ከፍቼ ሁለት ሰዓት ፈትቼ ገጠምኩ፤ አንድም ነገር አልወደቀም። አሊሰን ክራውስን ባለቤቴ ወሰደችብኝ፤ ቤት ውስጥ የምትዘፍነው እርሷ ብቻ ሆናለች። ራልፍ ስታንሊን በከፈትኩበት ቀን የግድግዳ ሰዓታቸውን ሊወስዱ የመጡ አንድ አዛውንት በሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ማን ሞቶበት ነው?» አሉኝ። ራሱ ሊሞት እንደሆነ ነገርኳቸው። ወንበር ጠየቁኝና እንደገና አስከፈቱኝ።

ቢል ሞንሮ የሚከፈተው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ መሣሪያዎቼን በሣጥን ከቆለፍኩ በኋላ። ብሎኗን ደግሞ አገኘኋት፤ ጫማዬ ውስጥ ነበረች።