የጋራ የቀለም ደንብ ረቂቅ፦ ከካሌንደር ወቅት በፊት እንጨርሰው

ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልን የኅትመት ማኅበራችን አባላት። ነሐሴ ሲገባ ሁላችንም በካሌንደር ሥራ ተወጥረን ነው የምንከርመው። ያኔ ስለ ደንብ ለማውራት ጊዜ ያለው የለም። ስለዚህ ፕሮፖዛሉን በዚህ ሰኔ እንቋጨው። መነሻ ሐሳቤ ይኸውና፦ ማኅበሩ አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለትም ቀለም በቁጥር የሚለካ መሣሪያ፣ በጋራ ይግዛ። ሁላችንም በአንድ መለኪያ እንሥራ። ደንበኛ ፕሩፉ ላይ፣ ማለትም ከኅትመት በፊት በሚያየው የናሙና ወረቀት ላይ፣ ሳይፈርም ሥራው ማሽን ላይ አይውጣ።

ለምን እንደምገፋ ልንገራችሁ። አምና የአደይ አበባ ፎቶ ያለበት ካሌንደር አትሜ ነበር። ደንበኛዬ ዲዛይኑን ያጸደቁት ማታ፣ በቴሌግራም፣ በስልካቸው ነው። ስልክ ከራሱ ያበራል፤ ወረቀት ግን የወደቀበትን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ስናስረክብ አደዩ ወደ አረንጓዴ ሄዷል። ቢጫ ላይ ትንሽ ሲያን፣ ማለትም ሰማያዊው የማተሚያ ቀለም፣ ከገባ በቃ፣ ተበላሸ። አንዱን ካሌንደር ከስልካቸው አጠገብ ይዘው «ይሄ እኮ የጠወለገ አደይ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። 3,000 ቅጂ እንደገና አተምኩ፤ ወረቀቱም ፕሌቱም (ምስሉ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) ከኪሴ ወጣ።

ዲዛይነር፦
ችግሩ ከእኛ ከዲዛይነሮችም ይጀምራል። በአርጂቢ፣ በስክሪን ቀለም፣ የተሠራ ፋይል እንደወረደ እንልክላችኋለን። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ብርቱካናማ በአራቱ የማተሚያ ቀለም (ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር) የማይደረስበት ነው። ፋይሉን ወደ እነዚህ አራት ቀለሞች፣ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ የሚቀይረው ማን ነው? በየትኛው ፕሮፋይል፣ ማለትም በየትኛው የቀለም መቀየሪያ መለኪያ? ይሄ ረቂቁ ላይ በግልጽ ይጻፍ። እኔ የምለው ለአርት ወረቀት (ለተቀባው) ፎግራ 51 የሚባለው ፕሮፋይል፣ ላልተቀባ ወረቀት ፎግራ 52 ይሁን። አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው የአራቱ ቀለም ድምርም ከ300 በመቶ አይለፍ። ካለፈ ቶሎ አይደርቅም፤ ከላዩ ያረፈውን ሉህ ጀርባ ያቆሽሻል።

ነባር ኦፕሬተር፦
ልጆቼ፣ መሣሪያው ይገዛ፤ ደስ ይለኛል። ግን መሣሪያ ይለካል እንጂ ማሽን አያስተካክልም። የምናትመው ምስል ከጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ፕሌት ላይ ቦታውን 50 በመቶ የሸፈነ ነጥብ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይሰፋል። የኅትመት ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 12647-2 በ2013 እ.ኤ.አ. እትሙ አርት ወረቀት ላይ 66 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይጠብቃል። ብላንኬቱ፣ ማለትም ቀለሙን ከፕሌት ወደ ወረቀት የሚያሻግረው ጎማ፣ ካረጀ ወይም ግፊቱ ከበዛ ከዚያም ያልፋል። ያኔ የምረቃ መጽሔት ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ማጀንታ፣ ቀዩ የማተሚያ ቀለም፣ በትንሹ ሲሰፋ ጠይሟ ልጅ ቀይ ትሆናለች፤ እናቷም አታውቃት። ቀለም ቀንሱ ቢባል መፍትሔ አይሆንም፤ የሰፋው ነጥቡ ነው።

ማሽኑ ፕሌቱን የሚያርስበትን ውኃስ በየቀኑ የሚለካ አለ? ፒኤቹ ከወረደ፣ ማለትም ውኃው አሲድ ከበዛበት፣ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። ክረምት ላይ ደግሞ ወረቀት እርጥበት ይስባል። ከመጋዘን እንደመጣ ከጫናችሁት ይለጠጥና አራቱ ቀለም አይገጥምም። ጥቅሉን ሳትፈቱ ማሽን ክፍል ውስጥ አሳድሩት።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። በየሉሁ ጠርዝ የቀለም ባር፣ ማለትም ቀለም የሚለካበት የትንንሽ ካሬዎች ረድፍ፣ ይኑር። ወረቀት ለመቆጠብ ብለው የሚያስቀሩት አሉ። ባር ከሌለ ምኑ ይለካል?

የአነስተኛ ማተሚያ ባለቤት፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። መሣሪያው የሚቀመጠው ማን ጋ ነው? ወረፋ ከሆነ እኛ አንድ ማሽን ያለን ሰዎች አይደርሰንም። ፕሩፍ ይፈረም ከተባለም የእኔ ደንበኛ «ነገ ጠዋት» የሚል ነው። ፕሩፉ እንኳ ቢኖር በምን ብርሃን ነው የሚታየው? ጨርቅ ስንገዛ እኮ ሱቅ ውስጥ አይተን አንጨርስም፤ ደጅ አውጥተን ነው የምናየው። የእኔ ቤት አምፖል ሁሉንም ነገር ሰማያዊ ያደርጋል።

ሰብሳቢ፦
ረቂቁን እንዲህ አሻሽያለሁ። መሣሪያው ማኅበሩ ቢሮ ይቀመጥ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለአነስተኛ ማተሚያዎች ብቻ ይያዝ። ፕሩፍ ማያ 5000 ኬልቪን የሆነ፣ ማለትም ለቀን ብርሃን የቀረበ፣ መብራት ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይገዛ። መብራቱ ውድ ስላልሆነ ለየአባሉም አንድ አንድ እናስመጣ። ለአስቸኳይ ሥራ ደንበኛው ማሽኑ ጋ መጥቶ የመጀመሪያው ሉህ ላይ ይፈርም። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ሁሉ ከፈረመበት ሉህ ጋር ይነጻጸር። የአራቱ ቀለም ልዩነት ከ5 ዴልታ ኢ (የቀለም ልዩነት መለኪያ) እንዳይበልጥ ጽፌያለሁ። በስልክ ማጽደቅ ለጽሑፍ እርማት ብቻ ይሁን።

ነባር ኦፕሬተር፦
5ቱ ይበቃል። ግን ገንዘቡን ከማዋጣታችን በፊት የት እንዳለን እንወቅ። ሁላችንም አንድ ፋይል፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ በየማሽናችን እንተም። እርጥቡን እንዳታመጡ፤ ቀለም ሲደርቅ ይደበዝዛል። አሳድራችሁ አምጡት።

ዲዛይነር፦
የሙከራ ፋይሉን እኔ አዘጋጃለሁ። ባሩ፣ ግራጫው፣ አንድ ጠይም ፊት ይኖረዋል። ሰብሳቢ፣ የአደዩን ፎቶም ይላኩልኝ፤ እሱንም አስገባዋለሁ። ዓርብ ከሰዓት ይደርሳችኋል።

የአነስተኛ ማተሚያ ባለቤት፦
እኔ ቅዳሜ አትሜ ሰኞ ጠዋት ቢሮ አደርሳለሁ።