ለሌባው ምክር፣ ለተዘረፈው ምን? የደሴ ልጆች ክርክር

የዛሬው ጥያቄ፦ ለታራሚ የሥነ ልቦና ምክር መስጠት ወንጀልን ይቀንሳል ወይስ ብር ማባከን ነው? ስድብ ክልክል ነው።

የሰኞ ገበያዋ ነጋዴ፦ ሱቄን ሰብረው ጣቃ ጨርቄን ሙልጭ አድርገው ወስደውብኛል። ልጁ ተያዘ፣ ተፈረደበት። አሁን ደግሞ «ምን ተሰማህ?» የሚለው ባለሙያ ይቀጠርለት? እኔን ማን ጠየቀኝ? እንቅልፍ ያጣሁት እኔ!

የሆጤ ልጅ፦ እውነትዎን ነው እትዬ። ግን ልጁ ሲፈታ የት ይሄዳል? ያው ተመልሶ ሰኞ ገበያ ነው የሚመጣው።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦ ምክር ሲባል ማባበል የሚመስላችሁ አላችሁ። እኔ የምሠራበት ዘዴ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለድባቴ ሕክምና ያወጣው ነው። ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ምን አደረግኩ። ሞባይል ነጥቆ የገባ አንድ ልጅ መጀመሪያ «ሰይጣን አሳሳተኝ» ብሎ ጻፈ። መሃሉን ሙላው አልኩት። ቆይቶ ቆይቶ «ልጅቷ ሀብታም ናት፣ ሌላ ትገዛለች» አለ። በምን አወቅህ? ስለው «ጫማዋ ጥሩ ነበር» አለኝ። ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይሄ ማባበል ነው?

የኮምቦልቻው ጠበቃ፦ ወረቀቱን ወድጄዋለሁ። ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ታራሚ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ጠባዩ መሻሻሉ ከታየ። ታዲያ ልጁ የሚነግርሽ ሁሉ ለአመክሮ ቢሆንስ? የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ ሰው የሚለወጠው ሳይፈረድበት ሲደመጥ ነው ይላል። ነገ ስለሱ ሪፖርት በሚጽፍ ሰው ፊት ማን ልቡን ይከፍታል? አማካሪና ገምጋሚ አንድ ሰው መሆን የለበትም። ለእትዬም አንድ ነገር፦ ያው አንቀጽ ታራሚው ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱንም ይጠይቃል።

ነጋዴዋ፦ ኧረ በአላህ! ይሄን የነገረኝ የለም። እስካሁን ቤሳ ቤስቲን አላየሁም።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ገብቶኛል። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ሪፖርት ላይ የምጽፈውንና የማልጽፈውን ለይቼ እነግረዋለሁ። ሰው ሊጎዳ ካሰበ ዝም እንደማልልም ያውቃል። ሁለት ባለሙያ ይመደብ ማለት ለአፍ ይቀላል፤ አንዱም በስንት ጉትጎታ ነው የሚገኘው።

ተጠራጣሪው፦ አሜሪካኖች ራሳቸው ሞክረው ተስፋ ቆርጠዋል። ሮበርት ማርቲንሰን የሚባል ሰው በ1974 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናት አገላብጦ፣ ታራሚን ለማረም የሚደረገው ነገር ይህ ነው የሚባል ውጤት የለውም ብሏል። አለቀ።

መምህሩ፦ ግማሹን ብቻ ነገርከን። ራሱ ማርቲንሰን በ1979 እ.ኤ.አ. ያንን ድምዳሜውን አነሳ። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካናዳውያኑ ተመራማሪዎች እነአንድሪውስና ቦንታ ጥያቄውን አዞሩት፦ ለማን ነው የሚሠራው? መልሳቸው ዳግም የማጥፋት ዕድሉ ከፍ ላለው ብዙ፣ ዝቅ ላለው ጥቂት ነው። ዕድሉ ዝቅ ያለውን ልጅ ከከባዶቹ ጋር ከባድ ፕሮግራም ውስጥ ብትከተው ሊብስበት ይችላል። ሙያቸውን ተምሮ ይወጣል። የኛ አገር ችግር ሁሉንም አንድ አዳራሽ ሰብስቦ መስበኩ ነው። እሱን ምክር አትበሉብኝ።

የወረኢሉ አባት፦ ልጆቼ፣ ወሎ አበጋር ያለው አገር ነው። አበጋር የገዳይንም የሟችንም ወገን አስቀምጦ ነው ደም የሚያደርቅ። ቤክ የምትሉት ሰውዬ ተበዳይን ይጠራል?

መምህሩ፦ አይጠራም አባባ። ሥራው ከአጥፊው ሐሳብ ጋር ነው።

የሸዋ በሯ ልጅ፦ አባባ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ለደም ጥሩ ነው። ለተደፈረች ልጅ ግን ሽማግሌ ተቀምጦ «ይጋቡና ይለቅ» ሲባል ሰምተናል። የልጅቷን ፈቃድ የጠየቀ የለም። እዚያ ላይ ፍርድ ቤትና ባለሙያ እንጂ ሽምግልና አልፈልግም።

የወረኢሉ አባት፦ እሱስ ነውር ነው ልጄ። እንዲያ ያለውን እርቅ አልለውም።

ተጠራጣሪው፦ እሺ፣ ማርቲንሰንን ተውኩት። ግን ብሩ ከየት ይመጣል? ለተበዳይ አማካሪ የሌለው ከተማ ለታራሚ ሲቀጥር ማየት አሁንም አይዋጥልኝም።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦ ለሁለቱም ይቀጠር በል እንጂ የአንዱን ለምን ትነጥቃለህ?

ነጋዴዋ፦ ጠበቃው፣ አንቀጹ 202 ነው ያልከኝ?

ጠበቃው፦ አዎ እትዬ። የፍርዱን ግልባጭ ይዘው ይምጡ። ካሳው በፍርድ ተወስኖ ወይም ተስማምታችሁበት እንደሆነ አያለሁ። ካልሆነ በፍትሐ ብሔር ክስ መጠየቅ ሊኖርብዎት ነው።